ድምፁ የዘለለው ቅንፍ

ነጥቦቹ አልተነሱም።

ድምቢጥ ጣቶቿን የብሬል ማሳያው ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ከኪቦርዱ ፊት የሚቀመጠው ይህ ጠፍጣፋ ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ መስመር በመስመር በትናንሽ ነጥቦች እያወጣ ከጣቷ ሥር ያደርግላት ነበር። ዛሬ ልሙጥ ነው፤ ጠረጴዛ የመዳበስ ያህል። ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም፣ የስክሪን አንባቢው፣ ብቻ እንደ ወትሮው በጆሮዋ ይለፈልፋል።

«ቲቸር፣ ብሬሉ እምቢ አለኝ።»

የኮምፒውተር መምህሩ መጡ። ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ገመድ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ተማሪው በስውር «ኬብሌ» ይላቸዋል። ነቀሉት፣ መልሰው ሰኩት፣ አጠፉት፣ አበሩት። ወይ ፍንክች።

«ትናንት ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አፕዴት አድርጌያቸው ነበር፤ አዲሱ ሲስተም ሳይጠላው አልቀረም» አሉ። «ድምፁ ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል። ግን እኮ የዛሬው ሒሳብ ነው።»

«የሙከራ ፈተና ነው፤ ለዛሬ በጆሮሽ ተወጪው። መልሱን ጓደኛሽ ትጻፍልሽ።»

ጓደኛዋ ቀጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከጎኗ ጠፍታ አታውቅም። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት። ወንበሯን ስባ ጠጋ አለችና ከራሷ ወረቀት ጎን የድምቢጥን የመልስ ወረቀት ያዘች፤ ፈተናው ተጀመረ። ድምቢጥ ጥያቄውን ትሰማለች፣ በጭንቅላቷ ታሰላለች፣ መልሱን ለቀጮ ሹክ ትላታለች።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ድምፁ «ኤክስ ሲደመር ስድስት ሲካፈል ለሦስት እኩል ነው አምስት» አለ። ድምቢጥ ደግማ አዳመጠችው። የሚካፈለው ስድስቱ ብቻ ነው ወይስ ኤክስና ስድስቱ አንድ ላይ? ድምፁ ቅንፍ ሲያጋጥመው ዘሎት ያልፋል። ቅንፉንም አንብብ ብላ ስታዘው ደግሞ ነጥቡን ሰረዙን ሳይቀር እየዘረዘረ ያደነቁራታል። በጣቷ ቢሆን ኖሮ ቅንፉን ነክታው ታልፍ ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«ሦስት» አለች፣ እርግጠኛ ሳትሆን።

ውጤቱ ሲነገር ድምቢጥ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ኬብሌም ሰምተው ኖሮ ኮሪደር ላይ አስቆሟት።

«አየሽ? ያለ ብሬሉም አንደኛ! እንግዲህ ማሳያውን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባዋለሁ። የሚመጣው ሳምንት ዋናው ፈተናም በድምፁ ይሁንልሽ፤ ጓደኛሽም አለችልሽ።»

ድምቢጥ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሐሳቧ አልወጣም።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ኖሮ እናቷ ስልክ ይዛ ለአክስቶቿ ተራ በተራ ታበስራለች። ድምቢጥ ታላቅ ወንድሟን ጠራችና የታረመውን ወረቀት ሰጠችው።

«ሦስተኛው መልስ ምን ይላል?»

«ዘጠኝ። ራይት ነው።»

«ሰባተኛውስ?»

«አሥራ አራት። እሱም ራይት። ምነው? አንደኛ የወጣ ሰው እንዲህ ፊቱን አያጠቁርም!»

ድምቢጥ ሰባተኛውን አሥር ነበር ያለችው።

በማግስቱ ለእረፍት ሲወጡ ቀጮን ከክፍሉ ጀርባ፣ ሰው ከማይሰማበት ወሰደቻት።

«ሦስተኛውን ሦስት ነው ያልኩሽ።»

ቀጮ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «እና? ቅንፍ እኮ ነበረው! እኔ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል፣ ላንቺ ድምፁ አልነገረሽም። ያረምኩት እሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም።»

 ቀጮ ያለችው ውሸት አልነበረም።

«ሰባተኛውስ? እሱም ቅንፍ ነበረው?»

«እሱ እንኳ…» ቀጮ ሳቅ ልትል ሞከረች። «እሱን ዝም ብለሽ ነው የሳትሽው። አቦ አታካብጂ! ሰው ሲረዳሽ ደስ አይልሽም?»

«ማሳያውን ሊወስዱብኝ ነው። በድምፁ ብቻ አንደኛ ወጣች ተብሎ።»

«ይውሰዱታ! እኔ አለሁልሽ አይደል?»

«ዘንድሮ አለሽ። ከርሞ ሌላ ክፍል ብትደለደዪስ? ደግሞ እኮ ምን እንደማውቅና ምን እንደማላውቅ ለራሴም ጠፋኝ።»

ቀጮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልታስበዪኝ ነው ማለት ነው?»

«ስምሽን አላነሳም። ውጤቱን ግን አልፈልገውም።»

ቀጮ ጨሰች። ደወሉ ሳይደወል ጥላት ሄደች፤ ድምቢጥ ጫማዋ ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ሰማችው።

ኬብሌን ኮምፒውተር ክፍል አገኘቻቸው። ማሳያውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱት ነበር።

«ቲቸር፣ ሦስተኛውና ሰባተኛው መልስ የእኔ አይደሉም። እኔ ሌላ ነበር ያልኩት።»

ካርቶኑ መንኮሻኮሹን አቆመ።

«ማን ምን አደረገ ብዬ ልጠይቅሽ?»

«ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ደግሜ ልፈተን፤ በብሬሉ።»

«ብሬሉ ሞቷል እኮ ልጄ።»

«አልሞተም። ሲበራ ነጥቦቹ አንዴ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ ነው የሚተኙት። የሆነ ነገር ቀድሞ ሳይዘው አይቀርም።»

 ኬብሌ ማሳያውን ከካርቶኑ አውጥተው ሲሰኩት፣ ወንበርም ሲስቡ ሰማች። ሴቲንጉን አብረው ይፈትሹት ጀመር፤ እሳቸው በዓይናቸው፣ እሷ በጆሮዋ። አንዱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ድንገት ኬብሌ ጉልበታቸውን መቱ።

«ለካስ!»

አዲሱ ሲስተም የራሱ የስክሪን አንባቢ አለው። አፕዴቱ የእሱን ብሬል ማንም ሳያዘው አብርቶት ኖሮ፣ ማሳያውን ቀድሞ ይይዘዋል። ድምቢጥ የምትጠቀምበት አንባቢ ሲመጣ ዕቃው ተይዟል። ኬብሌ ያንኛውን አጠፉና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱት።

ከጣቶቿ ሥር ነጥቦቹ ትርርር ብለው ተነሱ።

«ሥራውን ሳልሠራ በሲስተሙ አሳበብኩ» አሉ ኬብሌ። «አፕዴት ሳደርግ ካንቺ ማሳያ ጋር መሞከር ነበረብኝ። ለሒሳብ መምህርቷ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ቀጮ በር ላይ አልጠበቀቻትም። ድምቢጥ በበትሯ መንገዱን እየመታች ብቻዋን ገባች።

የሒሳብ መምህርቷ አዲስ ጥያቄ አዘጋጅተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ድምቢጥ ማዳመጫውን አውልቃ ከጎኗ አስቀመጠችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቅንፉ የት እንደሚከፈት፣ የት እንደሚዘጋ ጣቷ አንድ በአንድ ይነግራታል። መልሱን ራሷ ትጽፋለች፣ የጻፈችውን መልሳ ትዳብሳለች፣ የሳተችውን ታርማለች። መጨረሻ አካባቢ አንዱ ጥያቄ አስቸገራት። ሄደችበት፣ ተመለሰችበት። ምልክቶቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። በግምት አንድ ቁጥር ልትጽፍ አሰበችና ተወችው፤ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ድምቢጥ ስትጨርስ መምህርቷ ስክሪኑን አዩት። «አንዱን ባዶ ትተሽዋል። ማሳያው ዘሎብሽ ይሆን?»

«አይ ቲቸር፣ በደንብ አንብቤዋለሁ። አላወቅኩትም» አለች ድምቢጥ፣ በትሯን እያነሳች። «አሁን ወጥቼ ቀጮን እፈልጋታለሁ፤ እንድታስረዳኝ።»