ከጨፌ ሶምቦ የመለሰልን ድምፅ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አየ፣ የት ሆኖ አየ?» ብዬ ነው፤ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ጅብ ሆነ የተባለ ሰውም የሚያለቅስ ዛፍም ለማየት ተልኬ አውቃለሁ፣ ያገኘሁት ሁሌም ወይ የሰከረ ምስክር ወይ ነፋስ ነው፣ ስለዚህ ይሄን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ነው።

ቃሊቲ ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ በርካታ ፓርኮችንና ጥብቅ ስፍራዎችን የሚመራ ቢሮ ነበር፣ ያን ቀን ኃላፊው አቶ ፍሰሃ ጠርተውኛል። ጨፌ ሶምቦ የሚባለው ጥብቅ ስፍራ በደረሳቸው ሪፖርት መሠረት አንድም የዱር እንስሳ አልቀረበትም፣ በማግስቱ የቢሮው ቦርድ ከጥበቃ አውጥቶ መሬቱን ለእርሻ ሊሰጠው ነው፣ እኔም ጠዋት በሚወጣው ጋዜጣ «ባዶ ነው» ብዬ እንድጽፍ ይፈልጋሉ። ዜናውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።

ዝናብ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ታክሲ እስኪገኝ ብዬ ሬዲዮ ክፍል ገባሁ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ጽጌ በመኪና ባትሪ በሚሠራው የሬዲዮ መገናኛ የምሽቱን ጥሪ ልትጀምር ነው፤ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ የፓርክ ጠባቂዎቹን ኬላ አንድ በአንድ ትጠራለች፣ እነሱም «ሰላም ነው» ይሏታል።

«ዛሬም የቃሊቲ ጭቃ ጫማህን በላው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ወንበር ስጪኝ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ» አልኳትና መስኮቱ ጋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የፓርኮቹን ካርታ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ኬላዎቹ ተራ በተራ መለሱ። መጨረሻ ላይ «ጨፌ ሶምቦ፣ ጨፌ ሶምቦ» ስትል ሰማኋት።

«እዚያ እኮ ሰው የለም፤ ጠባቂዎቹ ከወጡ ከረሙ፣ ሬዲዮአቸውም ያው» አልኳት፣ ባትሪው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን እያሳየኋት።

«ካርታው ላይ እስካለ እጠራዋለሁ። አቶ ፍሰሃ ተይ ብለውኛል፤ ከፈለጉ መጥተው አፌን ይያዙ።»

መጀመሪያ የተለመደው ሽሽሽ የሚል የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ፣ እመነኝ ዝናቡ አልነበረም፣ ብዙ እግር ረጅም ሣር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ከዚያ ብዙ አፍ አንድ ላይ ውኃ ሲጠጣ። ጽጌ እጇን ከመገናኛው ላይ አነሳች። አንድ የሰው ድምፅ፣ ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ጨፌ ሶምቦ ሰላም ነው። ሁሉም አሉ» አለ፤ ቀጥሎም፣ «መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ክርኑን ያንሳልን።»

ወደ ታች አየሁ። ክርኔ ያረፈው ጨፌ ሶምቦ ላይ ነበር።

አነሳሁት። ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ አየሁ፣ ከመጋዘን ግድግዳና ከዝናብ ሌላ የለም፤ የመደርደሪያውን ሬዲዮ ዳሰስኩ፣ ባዶና ቀዝቃዛ ነው።

«ማን ነው?»

«አነጋገሩ የጠባቂ ነው» አለች ጽጌ። «ድምፁን ግን አላውቀውም።»

አቶ ፍሰሃ ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ዜናው ሄደ?»

«አልሄደም። ባዶ መሆኑን ማን አየ?»

«ሪፖርት አለ አልኩህ እኮ።»

«የጻፈው ሰው እዚያ ሄዷል?»

«አለቃህ ጋ እደውላለሁ» አሉኝ።

«ቁጥሩን ልስጥዎት? ያላየሁትን ባዶ ነው ብዬ አልጽፍም። መኪና ከሰጡኝ ነገ ሄጄ አያለሁ፣ ካልሰጡኝም በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

መኪናውን አልሰጡኝም። ጠዋት የወጣው ዜና ግን ቦታውን ማንም ሄዶ እንዳላየው የሚናገር ነበር፣ ቦርዱም ውሳኔውን አቆየው፣ አለቃዬም እስካሁን አኩርፎኛል።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሻንጣዬን እያሰናዳሁ ጽጌ ደወለች። «ጨፌ ሶምቦ ዛሬም መለሰ» አለችኝ። «'ሁሉም አሉ፣ ገና ያልመጣ አንድ ይቀራል' አለ። ማን እንደሚቀር አልጠየቅኩትም።»

ትኬቴን ቆርጫለሁ። ስደርስ እኔ እጠይቀዋለሁ።