ቀን የሚተኛው ሰው

የክፍሏን በር ከፍታ ስትገባ አልጋዋ ላይ ሰው ተኝቷል። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሰውየው ባንኖ ነቃና አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበ።

«ማን ነዎት?» አለችው።

«ተከራይ ነኝ... እርስዎስ?»

«የቤቱ ልጅ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ጮኻ ሰፈሩን ታናውጠው ነበር። እሷ ግን ሻንጣዋን ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ የሚያስደነግጣት ነገር የለም፤ የሚያስደስታትም እንዲሁ። ከስንት ዓመት በኋላ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ፣ እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እንኳ እንባ ጠብ አላላትም። የእናቷን ጀርባ እየደባበሰች ግድግዳው ቀለም እንደሚያስፈልገው ታስብ ነበር።

«እማዬ፣ ክፍሌን ስታከራዪ አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር? ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው። ደግሞ እሁድ ለምትሄጂው ምን ቸገረሽ? ዳቦ ጋጋሪ ነው። ማታ ወጥቶ ጠዋት ነው የሚገባው። እሱ ቀን ይተኛ፣ አንቺ ማታ። አንሶላውን እኔ እቀይራለሁ።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። መከራከርም ጉልበት ይፈልጋል።

እንዲህ ሆነና ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ መተላለፍ ጀመሩ። እሱ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ሲገባ፣ እሷ ፎጣዋን ይዛ ትወጣለች።

«እርስዎን እንዴት አደሩ ነው የሚባለው፣ እንዴት ዋሉ?» አለችው አንድ ቀን።

«ደህና ተኛ ካሉኝ ይበቃኛል።»

ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ቀረና አንተና አንቺ ሆነ። ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ መስኮቷ ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። ጣዕሙ አይታወቃትም። ግን ሳትጨርሰው አትነሳም።

ዓርብ ቀን የልጅነት ጓደኞቿ ሊጠይቋት መጡ። አንዷ ዋናው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አላት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል። ገና ግቢው ውስጥ ሳለች ዓይኗ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አረፈ።

«ይሄ ሱሪ ከቀሚስሽ ጎን ምን ይሠራል?»

«የተከራዩ ነው።»

«የት ነው የሚተኛው?»

«አልጋዬ ላይ። በየተራ ነው የምንተኛው።»

ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ። «በየተራ! ይኼን ለሌላ ንገሪ። እንደወደድሽው ግን ለእኛ ንገሪን።»

«ለእሱም ሆነ ለማንም ምንም አይሰማኝም» አለች።

እውነቷን ነበር። ችግሩ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ቀን የሚተኛው ሰውም በሳቃቸው ነቅቷል።

አመሻሽ ላይ ልብሱን ሰብስቦ እናትዮዋን ተሰናበተ።

«ሰው ማውራት ጀምሯል። የልጅዎ ስም በእኔ ምክንያት አይነሳ። ዳቦ ቤቱ መጋዘን ውስጥ መተኛ አላጣም።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሲወጣ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣዋን ይዛ ስትወጣ በረንዳው ባዶ ነው። ደህና ተኛ የምትለው ሰው የለም። ቆማ ቀረች። ደረቷን የሆነ ነገር ጨመደዳት፤ መጀመሪያ የታመመች መስሏት ነበር። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች።

ሊጥ ሲያቦካ አገኘችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ከፋኝ።»

«ማን አስከፋሽ?»

«አንተ። ምንም አይሰማኝም ስል ሰምተሃል፤ አልዋሸሁም። ባሌ ሲሄድ አላለቀስኩም። እናቴን ሳገኝ አላለቀስኩም። ዛሬ አንተን ሳጣህ ግን...» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ሊጠርግላት እጁን ዘረጋ። እጁ ሊጥ በሊጥ መሆኑን ሲያይ መለሰው።

«ነገ መሄጃሽ አይደል?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንተ ሂጂ ካልከኝ።»

«እኔማ አብረሽኝ ኑሪ ነው የምልሽ። ግን ኑሮዬን አይተሻል፤ አንቺ ስትተኚ እኔ ከእሳት ጋር ነኝ።»

«ጠዋት አለን አይደል? ጠዋት ይበቃናል።»

እጁን ታጠበ፤ ሽርጡን ፈታ። ሲወጡ ሰው እንዳያያት ብሎ በአቋራጭ ሊወስዳት ነበር። እሷ እጁን ያዘችና በዋናው መንገድ ይዛው ሄደች። ጓደኛዋ የፀጉር ቤቷን በር እየከፈተች ነበር።

«አንቺ... ወሬው እውነት ነው ማለት ነው?»

«ትናንት ውሸት ነበር» አለቻት፣ እጁን ሳትለቅ።