የጋሽ ደምሰው ጥሪ

ጋሽ ደምሰው ከተቀበሩ በኋላም አመሻሽ ላይ አስካለን መጥራታቸውን አላቆሙም። አንጓዋ ላይ ያለው አምባር ሲሞቅ ነጠላዋን ደርባ፣ ከተንሳፋፊው ሰፈር ድልድዩን ተሻግራ፣ አረቄ ቤቱን አልፋ መቃብራቸው አጠገብ ትቀመጣለች። አምባሩ ሲበርድ ትመለሳለች። ጋሽ ደምሰው በሕይወታቸውም ቀጠሮ አያዛንፉም ነበርና ሰፈርተኛው ብዙም አልተገረመም።

በዚያ የሐይቅ ላይ ከተማ መጠጥ ለመተው የሚታገል ሁሉ የዋስ አምባር ያስራል። አምባሩ ላብንና የልብ ምትን አንብቦ አምሮት ሲነሳ ያውቃል፤ የሚሞቀው ግን ባማረው ሰው እጅ ሳይሆን በዋሱ እጅ ላይ ነው። ዋሱም ይመጣና አምሮቱ እስኪያልፍ አብሮት ይቀመጣል። አስካለና ጋሽ ደምሰው አንዳቸው ለሌላው ዋስ ነበሩ። ሲገነዙ ሚስታቸው፣ «ዋስትናውን አታፍርሱበት» ብለው አምባሩን አላስወለቁም።

በመጨረሻ ግን አስካለን ፍርሃት ገባት። ሙት ምን ያምረዋል? አምባሩን ለጠጋኙ ለሶፎንያስ ወሰደችለት።

ሶፎንያስ አጎንብሶ ሲመረምር ቆየ። «እትዬ አስካለ፣ የእሳቸው አምባር የሚሠራው በገላ ሙቀት ነው። ከእሳቸው ጋር ሞቷል።»

«ታዲያ ማነው የሚጠራኝ?»

«መጠጥ የሚያምረው እርስዎን ነው። ለራስዎ ይነሱ ቢባሉ አይነሱም፤ ለእሳቸው ሲሆን ግን ይሮጣሉ። አምባሩ ይሄን አይቶ የእርስዎን አምሮት በእሳቸው ስም መናገር ለምዷል። ማንም አላስተማረውም።»

አስካለ የሞታቸውን ቀን አስታወሰች። ጋሽ ደምሰው የሞቱት አምባራቸው ሞቆባቸው በዝናብ ወደ እሷ ሲሮጡ ከድልድዩ ወድቀው ነው።

«ያን ቀን እኔን አላማረኝም ነበር» አለች። «ያማራቸው እሳቸውን ነው ማለት ነው። የእሳቸውም አምባር በእኔ ስም ዋሽቷቸዋል።»

ሶፎንያስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

አምባሩን ወደ እሱ ገፋችው። «አጥፋው። እሳቸውን የገደለ ውሸታም እጄ ላይ አላስርም።»

አምባሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። አረቄ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ አምሮቱ መጣ፤ አሁን በራሷ ስም። ከእንግዲህ የሚጠራት የለም፤ የሚመጣላትም የለም። እጇ ወደ በሩ ተዘረጋ።

ያኔ ባዶ አንጓዋ ሞቀ። ዳሰሰችው፤ ምንም የለበትም። ሙቀቱ ግን እየጨመረ ሄደ። ውሸት መሆኑን አሳምራ ታውቃለች።

«መጣሁ፣ ጋሽ ደምሰው» አለችና እጇን ከበሩ መልሳ ወደ መቃብሩ አቀናች።