የጌታው ክርን

ወገኖቼ፣ አንዳንድ ሰው ሲያመው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስልኩን ይከፍታል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግላችኋል? የሥራ ባልደረቦቹ «ጌታው» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ጌታው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ይህ ስም የወጣለት በደግነቱ አይደለም፣ በሀብቱም አይደለም። ግራ ክርኑን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሰቅሎ፣ መሪውን በጣቶቹ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ፣ ተሳፋሪውን በመስታወት ቁልቁል እያየ ስለሚነዳ ነው። ዝናብ ቢዘንብ እጅጌው ይበሰብሳል እንጂ ያ ክርን አይገባም። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ ሕፃን ይዣለሁ፣ ቀስ በልልን» ብትለው፣ «ካልተመቸሽ ታክሲ ያዢ» ነው መልሱ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው የሚነዱትን ወጣት ሹፌሮች «ተለማማጅ» እያለ ይስቅባቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግራ እጁ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ደነዘዙ። ጉንዳን የወረራቸው ያህል ነዘሩት። እጁን አራገፈ፣ ተወው። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላማ ጠዋት ሲነሳም አብሮት የሚነሳ ሆነ።

በየቀኑ የሚያቆምበት አንድ ፌርማታ ፊት ለፊት ሆስፒታል አለ። በሽተኛ ያወርዳል፣ የዳነ ይጭናል። ራሱ ግን መውረድን ምን ቆርጦት! ስልኩን አወጣና «የጣት መደንዘዝ» ብሎ ጻፈ። ስልኩ ብዙ ነገር ዘረዘረለት፤ ስኳር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የተጫነ ነርቭ። ጌታው እነዚህን ሁሉ ዘለላቸው። ተራ በሽታ ለተራ ሰው ነው። ወረድ ሲል «መልቲፕል ስክለሮሲስ» የሚል አገኘና ልቡ ቀጥ አለ።

ይህን ስም ያውቀዋል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። የሚስቱ ታናሽ እህት፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ከያዛት ቆይቷል። ያን ጊዜ ጌታው ገበታ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ሞልቶ፣ «በቃ፣ አለቀላት» ብሎ ነበር። እሷ ግን አላለቀላትም። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ታስተምራለች፣ ሰውነቷ በከበዳት ቀን ከዘራ ትይዛለች። ጌታው ደግሞ እሷ የጠጣችበትን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አይነካም። በሽታው እንደማይተላለፍ ስንት ጊዜ ቢነገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ይኸው አሁን ያ የፈራው ነገር በገዛ ጣቱ የመጣ መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ማንበብ ሆነ። በእረፍት ሰዓት ከሻይ ቤቱ ጥግ ይይዝና ግራ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ያንኑ የደነዘዘ እጁን አጥፎ፣ ስልኩን እስከ ፊቱ አቅርቦ ያነባል። ቤቱ ገብቶም ክርኑን ሶፋው ላይ አስደግፎ ይቀጥላል። ባነበበ ቁጥር ይደነዝዘዋል፤ በደነዘዘው ቁጥር ያነባል። ስክሪን ላይ አፍጥጦ ውሎ ዓይኑ ብዥ ሲልበት «ዓይኔም ጀመረ» አለ። መጸዳጃ ቤት ስልኩን ይዞ ገብቶ፣ እዚያው ተረስቶ ቆይቶ እግሩ ሲደነዝዝ ደግሞ «እግሬም!» ብሎ ላብ አጠመቀው። ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው።

ምስጢሩን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታው ለተቃረበ፣ «ሽማግሌው» ለሚሉት ሹፌር።

«ለማንም እንዳትተነፍስ» አለው ሽማግሌው። «ሐኪም ስም ካወጣለት መንጃ ፈቃድህን ይቀሙሃል። ከዚያ ቤትህ ቁጭ ብለህ ዝንብ እሽ ስትል ትኖራለህ።»

«እጄ እኮ መሪ ላይ እየከዳኝ ነው።»

«በቀኝህ ያዛ! የእኔ ግራ ዓይን ማየት ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ ማን አወቀ?»

ወገኖቼ፣ እነዚህን ሁለት ጀግኖች ልብ በሉልኝ። አንዱ በአንድ ዓይን፣ አንዱ በአንድ እጅ፣ የእናንተን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ሁለቱም ስለ መንጃ ፈቃዳቸው ተጨነቁ። ከኋላቸው ስለተቀመጠው ሰው የተነፈሰ የለም።

ሚስቱ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጥ አይታለች፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተውም አይታለች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ድካም ነው።»

«እህቴ እኮ ጥሩ ሐኪም አላት። ብትጠይቃት ትወስድሃለች።»

«ደግሞ ከበሽተኛ ምክር ልለምን?» ብሎ አፍንጫውን ነፋ።

አንድ ጠዋት አውቶቡሱ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ወደ ገበያው ሲታጠፍ፣ የጌታው ቀኝ እጅ ማርሽ ለመቀየር ወረደ። መሪው ለግራ እጁ ብቻ ቀረ። ጣቶቹ የያዙት መስሎት ነበር፤ አልያዙትም። መሪው ሾልኮ ተመለሰ፣ አውቶቡሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣና የፌርማታውን አግዳሚ ወንበር ሰባበረው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሴት አውቶቡሱን ለማስቆም ገና አሁን ብድግ ማለቷ ነበር። ብድግ ባትል ኖሮ ታሪኬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተላተመ፣ ሕፃናት ጮኹ።

ጌታውስ? ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ!» አለ።

አውቶቡሱን ያን ዕለት ማለዳ ፈትሾ ለሥራ ያወጣው የጋራዡ መካኒክ ነው፤ ድምፁ የማይሰማ፣ ከሥራው በቀር ከማንም ጋር ነገር የሌለው ሰው። ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ከሥራ ታገደ። ሲወጣ በር ላይ ጌታውን አገኘው።

«ወንድሜ፣ ፍሬኑን እኔ ራሴ ነድቼ ነው የሞከርኩት። እውነት እምቢ ብሎህ ነው?»

«ታዲያ እኔ ልዋሽ?» አለ ጌታው፣ ደረቱን ነፍቶ።

የዚያን ቀን ከሥራ መልስ ቤቱ ሲገባ የሚስቱ እህት ተቀምጣ ጠበቀችው። አደጋውንና የመካኒኩን መታገድ ከሚስቱ ሰምታ ነው የመጣችው፤ ከዘራዋን ሶፋው ላይ አስደግፋለች። እጁን አየችው። ሁለቱ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ከጀመረህ ስንት ጊዜው ነው?»

ያ ሁሉ ኩራት እዚያው ፈሰሰ። «እንዳንቺ ሆኛለሁ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አለቀልኝ! ፍሬኑ ምንም አልሆነ፣ እጄ ነው የከዳኝ።»

«እንደ እኔ ማለት እንዴት ነው?» አለችው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ውዬ ነው የመጣሁት።»

ሚስቱ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። «ፍሬኑ ምንም ካልሆነ ያ መካኒክስ?»

«እሱ ሌላ ሥራ አያጣም» አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

አስተማሪዋ ከዘራዋን አነሳች።

«እኔም እግሬ ሲደነዝዝ ፈርቼ ነበር፤ መፍራት ነውር አይደለም። ግን ሄድኩ፣ ተመረመርኩ፣ ስሙን ነገሩኝ፣ መድኃኒት ጀመርኩ። ሳልዘገይ ባልጀምር ኖሮ ምናልባት የዚህን ቤት ደረጃ አልወጣውም ነበር። ነገ ጠዋት እወስድሃለሁ።»

ወሰደችው። ስንት ሰው ሲያወርድበት በኖረው ፌርማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ወረደ።

ሐኪሟ ዓይኑን አየች፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች፣ አራመደችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካች። ከዚያ የግራ ክርኑን ከውስጥ በኩል በጣቷ ስትመታው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። እስከ ትንሿ ጣቱ ነዘረው። የነርቩንም ምርመራ አሠራችና ውጤቱን ይዞ ሲመለስ፣ «እስቲ ሲነዱ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ» አለችው። ክርኑን የጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ሰቀለ። «ስልክዎንስ እንዴት ነው የሚይዙት?» ያንኑ እጅ አጥፎ አሳያት።

«ይኸውልዎት» አለች። «እዚህ ክርንዎ ላይ፣ ከቆዳው ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ። ቀን በመስኮት፣ ማታ በጠረጴዛ እየጨፈለቁት የኖሩት እርስዎ ነዎት።»

«ያኛውስ… የነርቭ ሽፋኑ በሽታ?»

«እሱም በመደንዘዝ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ የሚናቅ ስጋት አይደለም። ለዚህ ነው ሁሉንም ነገር የመረመርኩዎት። እርስዎ ላይ እሱን የሚያመለክት ነገር አላገኘሁም። ቢሆንም ኖሮ የምንሰጠው መድኃኒት ነበረን።» በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል የሰረጎደውን ሥጋ አሳየችው። «ግን ዘግይተዋል። እንደጀመረዎት ቢመጡ ክርንዎን እንዲያነሱ ነግሬ እሸኝዎት ነበር። አሁን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ እሱም ሙሉ በሙሉ ላይመልሰው ይችላል። እስከዚያ አይነዱም።»

ጌታው የሰማው ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከዘራዋን ተደግፋ ስትጠብቀው ከዋለችው የሚስቱ እህት ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተመስገን! ያንቺ በሽታ አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ» አለችው። «እንግዲህ ለሰውየው ንገረው።»

«ለየቱ ሰውዬ?»

«አንተ እንደ እኔ ላለመሆን ስትጸልይ ከርመሃል» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንደ አንተ እንዳያደርገኝ እጸልያለሁ።»

ከዘራዋን እያስቀደመች ሄደች። ጌታው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሰው ያየዋል። በሕይወቱ ሰውን ቁልቁል ሲያይ ኖሮ፣ እሱን እንዲህ ያየው አልነበረም፤ መታየቱም ይገባው ነበር። አፈረ። ማፈር መቻሉ ነው እንግዲህ ያዳነው።

ከሆስፒታሉ ወጥቶ ቤቱ አልሄደም፤ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ኃላፊ ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። የሽማግሌውን ዓይን ጭምር ተናገረ፤ ሽማግሌው እስከ ዛሬ ሰላምታ ነፍጎታል። መካኒኩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጌታው ከመሪ ተነስቶ፣ ቅጣቱን ተቀብሎ፣ ቀዶ ጥገናውን አደረገ። መደንዘዙ ቀለል ቢልለትም ትንሿ ጣቱ ዛሬም እንደታጠፈች ናት። አሁን አውቶቡሶቹ በሚወጡበት በር ላይ ይሠራል። ክርኑን መስኮት ላይ የሰቀለ ሹፌር ሲመጣ አያሳልፈውም።

«ክርን አስገባ!» ይለዋል፣ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ እየደበደበ። ወጣቶቹ ይስቁበታል፤ ግን ያስገባሉ።

አንድ ጠዋት መካኒኩ በዚያ በር ሲገባ ጌታው ይቅርታ ብሎ እጁን ዘረጋለት። መካኒኩ የተዘረጋውን እጅ አየው፣ የራሱን እጅ አየው፣ በግራሶ የጨቀየ ነው።

«መጀመሪያ ልታጠብ» ብሎ አለፈ። ታጥቦ ግን አልተመለሰም። ጌታውም ዛሬ ድረስ በየጠዋቱ እየጠበቀው ነው።

ወገኖቼ፣ መደንዘዝ ስሙን በጣት ላይ ጽፎ አይመጣም። ክርን ሊሆን ይችላል፣ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ያ የምትፈሩትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ስልካችሁ አያውቅም፤ የሚመረምር ሐኪም ነው የሚለየው። የሰው ነፍስ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትሠሩ ደግሞ ፍርሃታችሁን ለሌላ ሰው አታሸክሙ። ይህን በስልካችሁ እያነበባችሁ ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ ያስደገፋችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ አንሱት።