ሦስተኛው ጉተታ

በንጉሥ ሐርማዝ ዘመን፣ በመከር ወር በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጌርዜም አገር ያለው ጥላ ሁሉ ፀሐይን ትቶ ወደ ሰሜን ዞረ። እዚያ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር አፍ ተከፍቶ ነበር። በየወሩም አንድ ማሳ ይበላ ጀመር።

ጠቢቡ ዙማር ሕዝቡን ሰብስቦ ተናገረ፦ «ይህ በእጄ ያለው የንጋት ዕንቁ ከሥሩ ካልተቀመጠ አፉ አይዘጋም። ዕንቁው አልረጋ ካለ ሰው በእጁ ይዞት ይቀራል፤ ያን ጊዜ የወረደበት ገመድ ይቆረጥ። ታች ጊዜ ጭቃ እንደ ገባ በሬ ነው የሚራመደው።»

የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ ሊዳራ ተነሥታ ዕንቁውን ተቀበለች። «በአባቴ ገመድ እምላለሁ፤ ሳላኖረው አልወጣም!»

ታላቅ ወንድሟ ኦርጋም ወገቧን በገመዱ አሰረ። የቆፋሪዎች ሕግ የታወቀ ነው፤ ሁለት ጉተታ «አውጡኝ»፣ ሦስት ጉተታ «ቁረጡ»።

«ጋሼ፣ ልብህን አትመን፤ እጄን እመን።»

«ስትመለሺ በሽበቴ እንዳትስቂ!» አለ ጓደኛቸው ታምሳር።

«አንተ? ሳትሸብት ትመለጣለህ!» ብላ ወረደች።

ከጠርዙ ሆነው ቢያዩ፣ ለመርገጥ የዘረጋችው እግር ዓመት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። መልኳ እየቀላ፣ እየደበዘዘ ጠፋ።

በአራተኛው ዓመት ገመዱ አንድ ጊዜ ተጎተተ። በዘጠነኛው ዓመት ሁለተኛው መጣ።

«ሁለት ነው! ሳብ!» ብሎ ታምሳር ዘለለ። ራሱ ተመልጦ ነበር።

ኦርጋም ገመዱ ላይ ተኛበት። «አትንካ! በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት አለፈ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ቢሆንስ? ዕንቁውን ይዛ ከወጣች አገሩ አለቀ።»

«አውጡኝ ብላ ቢሆንስ? እኅትህን ልትገድል ነው?»

ኦርጋም ገመዱን በእጁ አንጓ ጠምጥሞ፣ ሦስተኛው እንዳይመጣ እየፈራ፣ እንዳይቀርም እየፈራ አምስት ዓመት ቆየ። አፉ ከመጨረሻው ቤት ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ገመዱ ተጎተተ። ቀስ ብሎ ነበር፤ ልጅ ሳለች ስትፈራ ጋቢውን እንደምትስበው።

መጥረቢያውን አንስቶ ቆረጠ።

አፉ ተዘጋ። ጥላዎች ወደየቦታቸው ተመለሱ። ጎረቤቶች የለቅሶ ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ ኦርጋም ከደጅ መለሳቸው፦ «እዚያ ታች ገና እጇን ከገመዱ አላነሳችም።»

እሱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሞተ። የሊዳራ ለቅሶ እስከ ዛሬ አልተቀመጠም።