የባሕር ጨው በሞላሌ ወፍጮ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ አቋርጬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ። ሙት ጠራኝ፣ ሰይጣን አነጋገረኝ የሚለኝን ሁሉ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» ነው የምለው፣ ዕድሜዬን ከሞተር ጋር የኖርኩ ነኝና ድምፅ ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ አምናለሁ፣ ወይ ቡሎን ላልቷል ወይ ዘይት አንሷል። ደግሞም የምነግራችሁ ነገር በጨለማ የሆነ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጠላ እንኳ ሳልቀምስ ነው።

ወደ ወፍጮ ሥራ ከመግባቴ በፊት ስምንት ዓመት ምጽዋ ወደብ ላይ፣ ከመርከብ ወደ የብስ ሰው የምታመላልስ የሞተር ጀልባ መካኒክ ነበርኩ። የመንዝን ልጅ ከባሕር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ እንጀራ ነው። የሥራ ጓደኛዬ ኢድሪስ ይባላል፣ የወደቡ ተወላጅ ነው፣ እኔን «መንዜው» እያለ ይጠራኝ ነበር። የጀልባዋ ሞተር የተቀመጠው ከወለሉ በታች ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ ዘይት ለመቀየር አንዳችን በደረታችን ተስበን እንገባና አሮጌውን ዘይት በእጅ ፓምፕ እንስባለን፣ ከሥሩ ባልዲ ማስገቢያ ቦታ የላትማ። ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን አስቀድመን ስለምናሞቀው ሙቀቱና ጭሱ ሰው ይጥላል፣ ስለዚህ ከላይ የቀረው በየጥቂት ደቂቃው ወለሉን በመፍቻ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ከታች ያለው በሁለት ይመልሳል። ሦስቱ መጥራት ነው፣ ሁለቱ አቤት ማለት፣ አቤት ከጠፋ በእግሩ ጎትቶ ማውጣት ነው። የኢድሪስ አቤት የታወቀ ነበር፣ የመጀመሪያዋ ጠንከር ትላለች፣ ሁለተኛዋ ረስቷት ትዝ ያለችው ይመስል ዘግየት ብላ ትመጣለች፣ «አቤትህ እንኳ እንቅልፋም ነው» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ጦርነቱ ወደቡ ደጃፍ በደረሰ ሰሞን አንድ ቀን ኢድሪስ ከታች ነበር፣ እኔ ከላይ። የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ነው ተባለ፣ አንድ የአገሬ ሰው ከዳር ሆኖ «ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። መፍቻውን ጥዬ ሮጥኩ። ጎንበስ ብዬ «ኢድሪስ፣ ውጣ!» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን ሌላ ሰው ይነግረዋል አልኩ። ይውጣ፣ እዚያው ይቅር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሾፌር እጅ ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፣ መልስ አልመጣም፣ ከዚያ አገሩም ሌላ አገር ሆነ። ወንድም አለኝ፣ ግን እንደ ኢድሪስ የናፈቀኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ዓመት ግድም ነው። ሞላሌ ላይ የእትዬ አስካለን የናፍጣ ወፍጮ እይዝ ነበር። እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ለብቻቸው የሚያስተዳድሩ፣ ምላሳቸው ከወፍጮው ድንጋይ የበለጠ የሚፈጭ ሴት ናቸው፣ «ባሕር የሌለው መርከበኛ» የሚል ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ነገ ዘይት እቀይራለሁ ስላቸው ተቆጡ።

«በሚካኤል? አገር ለንግሥ ሲወጣ አንተ ብረት ልትፈታ?»

«እትዬ፣ አዲሱ ገብስ እየገባ ነው፣ ሞተሩ የሚያርፈው በበዓል ብቻ ነው፣ እርስዎም ያውቃሉ።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሚካኤልም እስራኤልን ባሕር ያሻገረ ነው፣ ለመርከበኛ ያዝንለት ይሆናል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

በማግስቱ ከተማው ጭር ብሏል፣ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። ሞተሩን ጥቂት አስነስቼ ዘይቱ ሲሞቅ አጠፋሁት። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ ገመድና የዓሣ ሽታ፣ ናፍቆቴ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የሥሩን ቡሎን ስፈታ ጥቁር ዘይት ስጠብቅ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ወረደ። ዘይት ውኃ ሲገባበት እንደዚያ ይሆናል፣ ውኃውን ከዘይቱ የሚለየው ጓርኒሲዮን ተበልቶ የማቀዝቀዣው ውኃ ገብቷል አልኩ፣ እሱን የምንሞላው ደግሞ ከምንጭ ነው። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው፣ እመኑኝ፣ የባሕር ጨው።

ያኔ ከሞተሩ ሥር ቋ አለ። ዘግየት ብሎ ደግሞ፣ ቋ።

የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚጮኽ ለሌላው የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ሞተሩም የተተከለው ሲሚንቶ ላይ፣ ሲሚንቶውም ዓለት ላይ ነው፣ ከሥሩ ሰው ቀርቶ አይጥ አይገባም። ግን ያቺን ዘግይታ የምትመጣውን ሁለተኛዋን አውቃታለሁ። ዘይቱ ላይ ተቀመጥኩና የሞተሩን እግር በመፍቻ ሦስት ጊዜ መታሁ። ዝም። ደግሜ መታሁ፣ «ኢድሪስ!» አልኩ፣ ከበሮው ብቻ። እትዬ አስካለ ከንግሥ ሲመለሱ በዘይት ተጨማልቄ፣ እያለቀስኩ ስመታ አገኙኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ መኪናውም ጭምር። የዚያን ቀን አልቀለዱብኝም፣ ነጠላቸውን ሰብስበው በሩ ላይ እንደቆሙ አማተቡ።

«ልጄ፣ የማይታይ ነገር ሲጠራ አቤት አይባልም፣ እናትህ አልነገረችህም?»

«እሱ መቼ ጠራኝ እትዬ» አልኳቸው፣ «አቤት ነው ያለኝ። መጥራቱ የኔ ተራ ነበር።»

በነጋታው ሞተሩን ፈትቼ ጓርኒሲዮኑን አየሁት፣ አንድም ቦታ አልተበላም። ያን ወፍጮ ከለቀቅኩ ቆይቷል፣ ግን ዛሬም የማንንም ሞተር ዘይት ስቀይር ሦስት ጊዜ እመታለሁ፣ ሰው ልማድ ይመስለዋል፣ መልስ ግን መጥቶልኝ አያውቅም። አንዳንዴ፣ ያን ቀን አቤት ማለቱ በሕይወት አለ ማለት ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ይልና መልሶ ይጨንቀኛል። ከታች ሆኖ አቤት የሚል ሰው እኮ፣ ገና አልወጣም ማለት ነው።