ሙሉ ነው ያልነው ቦርሳ

ቤታችን ያለው ከጥድ ጫካ ሥር ነው። በጋ በገባ ቁጥር ኮረብታው ላይ ጭስ ማየት ለሰፈራችን ሰው ብርቅ አይደለም። እናቴ ከነርስነት ሥራዋ ጡረታ እንደወጣች አንድ ቦርሳ ገዝታ ከበሩ ጀርባ ሰቀለች። የእጅ ባትሪ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የታሸገ ውሃ፣ የሰነዶቻችንን ቅጂና በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን መጠባበቂያ ከተተችበት።

"ቦርሳው የሁላችንም ነው። የእኔ ግን ትንፋሼም እዚህ ውስጥ ነው" አለችን።

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እኛ ልጆቿ ቦርሳውን እንድንፈትሽ ተስማማን። እሷ ከጓዳ ሆና "ሙሉ ነው?" ስትል፣ እኛ "ሙሉ ነው!" እንላለን። መጀመሪያ ከፍተን እናይ ነበር። ኋላ ላይ ከመስቀያው ከፍ አድርገን ክብደቱን መገመት ጀመርን።

ታላቅ ወንድሜ ሾፌር ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በግቢዋ አሸዋና በርሜል ሙሉ ውሃ ስለምታስቀምጥ "እትዬ መርከብ" የሚል ስም አውጥቶላታል።

"እትዬ መርከብ፣ የጥፋት ውሃው መቼ ነው?" ይላታል።

"አንተ ሳቅ፤ ዋና ከቻልክ ምን ቸገረህ!"

አንድ ቀን መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት የእጅ ባትሪውን ወሰደ። እህቴ ግድግዳ ስትቀባ መሸፈኛዎቹን ጨረሰች። እኔ ደግሞ የቧንቧ ውሃ በጠፋ ሰሞን የታሸገውን ውሃ ጠጣሁት። ሁላችንም እንመልሰዋለን ብለን ነበር። የመድኃኒቱ ጊዜ ሲያልፍ እናቴ ወንድሜን "አዲስ ተካልኝ" አለችው። አሮጌውን ጣለ፤ አዲሱን "ነገ፣ ነገ" እያለ አቆየው። እሑድ መጣና "ሙሉ ነው?" አለች። ወንድሜ የሟች አባታችንን ካፖርት አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀና "ሙሉ ነው!" ብሎ መለሰ።

አየሁት። ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ነፋስ እሳቱን ከኮረብታው ይዞት ወረደ። ቀድመን ወደተቀጣጠርንበት የትምህርት ቤት ሜዳ በወንድሜ መኪና ሸሸን። ጭሱ ግን ተከተለን። እናቴ በእጇ ያለውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሳበችና አለቀ። አልደነገጠችም፤ በጣቷ ወደ ቦርሳው ጠቆመች።

"እማዬ..." አለ ወንድሜ፤ ቦርሳውን እንዳቀፈ።

ከእጁ ነጥቃ ከፈተችው። ካፖርቱን አወጣች። እንዲያም ሆኖ አላመነችም፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ኪሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችን። ያንን አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም።

እትዬ መርከብ ያዘጋጀችውን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ደረሰች። የእናቴን አፍና አፍንጫ ሸፍና ወንድሜ ላይ ጮኸች፦ "ምን ትገተራለህ? መኪናህን አስነሳ እንጂ!"

እናቴ ሦስት ቀን ሆስፒታል በኦክስጅን እርዳታ ተኛች። ነፋሱ አቅጣጫ ስለቀየረ ቤታችን ተርፏል። ወንድሜ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ።

"ነገ ነገ ስል ነው፣ እማዬ..."

"እሳቱ አያውቀኝም፤ አላዝንበትም" አለች ቀስ ብላ። "እናንተ ግን ልጆቼ ናችሁ።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ፣ አይተህ ነበር?"

"አይቼ ነበር።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ በር ጀርባ እንዲህ ያለ ቦርሳ ካለ ክብደቱን አትገምት፤ ዘርግፈህ እየው። ከሌለህም ዛሬውኑ አዘጋጅ። የወሰድከውን ሳትውል ሳታድር መልስ። ሌላው ሲያጎድል ካየህም ተናገር፤ እኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ እናቴ ትንፋሽ አያጥራትም ነበር።

ዛሬ ወንድሜ የእናታችንን መድኃኒት ጊዜው ሳያልፍ ገዝቶ ያመጣል። "ተባረክ" ትለዋለች፤ ይቅር ብላናለች። ቦርሳው ግን አሁን የሚሰቀለው ከአልጋዋ ራስጌ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ራሷ አውርዳ አልጋዋ ላይ ትዘረግፈዋለች፤ ራሷ ቆጥራ ትመልሳለች። እኔና ወንድሜ ሳሎን ቁጭ ብለን ጆሯችንን ወደ ክፍሏ እንጥላለን።

"ሙሉ ነው?" ብላ ግን አትጠይቀንም።